ሙትን «ተቀበል!» አንበል



ባለፈው ቅጽ በመጨረሻው ገጽ ላይ ያወጣናትን የሟች ጓደኛችንን ግጥም ብዙዎቻችሁ ወዳችኋታል። በመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ገልብጦ የለጠፋት አለ፤ በምሽት ዝግጅት ላይ ቆሞ ያነበባትም አለ። በተለይ የመዝጊያዎቹን ሁለት ስንኞች በቃሉ የማይወጣቸው ሰው በግቢው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ እውነቱን እንናገርና ይውጣልን፦ እነዚያን ሁለት ስንኞች የጻፍናቸው እኛ ነን።

እሱ አልጻፋቸውም። በደብተሩ ላይ ሦስተኛው አንጓ ሁለት ስንኝ ብቻ ነበረው፤ ከዚያ በታች ወረቀቱ ባዶ ነው። የኅትመቱ ቀን ደረሰ፤ ባዶው ዓይናችንን ወጋው። «ቢኖር ኖሮ እንዲህ ይል ነበር» ተባባልንና አንድ ማታ ሻይ እየጠጣን ሞላነው። ሠርዝ አላደረግንበትም፤ ኮከብ አላደረግንበትም። ስሙን ከሥሩ ጻፍንና አባዛነው።

ከዚያ ለተዝካሩ ጉና ግርጌ ወዳለው ቤታቸው ወጣን። ታናሽ እኅቱ ፎቶግራፉን አስፍታ አሠርታ፣ ከሥሩ ስንኝ አስጽፋበታለች። የትኛውን ስንኝ? የኛኑ! እናቱም ፎቶግራፉን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው «ልጄ ሞቱን አውቆት ኖሯል። ለኔ ሳይነግረኝ ለወረቀት ነግሮት ኖሯል» አሉን። እኛ በጻፍነው መስመር ውስጥ መንገድና ማምሻ የሚል ነገር ነበረበት። ለቤት መምቻ ያስገባነው ነው። አንድ እናት ግን ከሱ ላይ ልጃቸው የደበቃቸውን ምሥጢር አነበቡ። እኛስ ምን አልን? ምንም። ጠላችንን ጠጣን፣ «ነፍስ ይማር» ብለን ወረድን።

አንባቢ «ታዲያ ይኼ ኃጢአታችሁ ለኔ ምኔ ነው? ንስሐ ከፈለጋችሁ የነፍስ አባት አለላችሁ» ይል ይሆናል። ትዕግሥት ይኑረው። ነገሩ የኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አናባክንም ነበር።

ጓደኛችን ከብዕሩ ይልቅ ማሲንቆውን ይወድ ነበር። በስልኩ ውስጥ 11 ቅጂ ትቷል። አንዳንዱ አልቋል ሊባል ይችላል፤ አንዳንዱ ጅምር ነው። በአንዱ ላይ ዶሮ ይጮኻል። በሌላው ላይ በር ይንኳኳና «ቆይ፣ እየቀዳሁ ነው» ይላል። በስድስተኛው ላይ ደግሞ እንጉርጉሮው መሐል ላይ ደርሶ፣ ገመዱን ለቀቅ አድርጎ «አይ፣ ይኼ አይሆንም» ይልና ያቆማል። ይህችን «አይሆንም» ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ይህን የሰማ አንድ ሰው ከከተማ መጣ። ስሙን አናነሣም፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ማሲንቆው ዝቅ ይላል፣ ከበሮና ኪቦርድ ይገባል፣ ያላለቀውን ግጥም ገጣሚ ይጨርሰዋል፣ ስም ያላት ድምፃዊት በአዝማቹ ላይ ትቀበለዋለች፣ አልበሙ ለሁለተኛው ሙት ዓመት ይደርሳል። ለእናትየውም ገንዘብ ይሰጣል። እኛ ግማሻችን ተደሰትን፣ ግማሻችን ዝም አልን። ክርክሩ ሦስት ሌሊት ፈጀ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ፍሬ ነው።

* * *

ሟች የጀመረውን አልበም ሕያዋን ሲጨርሱት ማየት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሁላችንም የምናውቃቸውን ሁለት ስሞች እናንሣ።

ኢዮብ መኮንን ናይሮቢ በሕክምና ላይ ሳለ ያረፈው በ2005 ዓ.ም. ነሐሴ 12 ቀን ነው። የቀኑን ነገር እኛ ደብረ ታቦር ያለነው አንረሳውም፤ የቡሄ ዋዜማ ነበር። ኤልያስ መልካ ያቀናበረው «እንደ ቃል» የተባለው የመጀመሪያ አልበሙ ስሙን ተክሎ ነበር። ሁለተኛው፣ «እሮጣለሁ»፣ ወደ ጆሯችን የደረሰው ግን ዘፋኙ ካረፈ ከዓመታት በኋላ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2017 ነው። ሃጫሉ ሁንዴሳም በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 22 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ፤ ሦስተኛ አልበሙ «ማል መሊሳ» የወጣው በሙት ዓመቱ ነው።

እነዚህን ሁለት አልበሞች ለመክሰስ አልተነሣንም። ወደናቸዋል፣ አልቅሰንባቸዋል፤ የቅርብ ሰዎች ሐዘናቸውን ውጠው ወደ ስቱዲዮ መመለሳቸውም ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባናል። የምንከሰው ራሳችንን፣ አድማጩን ነው። ከመካከላችን «ይኼ ድምፅ ለሙከራ የተቀዳ ነው ወይስ ዘፋኙ በቃ ያለው? ይኼን የመሣሪያ ድምፅ ሰምቶታል ወይስ አልሰማውም?» ብሎ የጠየቀ ማነው? አንድም ሰው የለም። ስናዳምጥ የኖርነው እንደ ደብዳቤ ነበር፦ ከሟች ለኛ የተላከ የመጨረሻ ቃል አድርገን። ልክ እንደዚያች እናት። እናት ናቸውና በሳቸው አይፈረድም። ዩኒቨርስቲ ገብተናል በምንለው በኛ ግን ይፈረዳል።

በሌላው ዓለም ይህ ክርክር ያረጀ ነው። ሞዛርት በ1791 ሲሞት ለሙታን የሚዜም የጸሎት ሙዚቃ ጅምር ላይ ነበር። ገንዘቡ ለቤተሰቡ ያስፈልግ ስለነበር ሚስቱ ለሌሎች ሰጥታ አስጨረሰችው፤ አብዛኛውን የጨረሰው ዙስማየር የተባለ ወጣት ነው። የትኛው መስመር የማን እንደሆነ ሊቃውንት እስካሁን ይሟገቱበታል። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1970 ሞተ። በ1975 አለን ዳግላስ የተባለ ፕሮዲዩሰር ሄንድሪክስ የተዋቸውን ቅጂዎች ከፍቶ፣ አብረውት የተጫወቱትን ባልደረቦቹን ድምፅ አውጥቶ በምትካቸው ቅጥረኛ ሙዚቀኞች አስገባ። ይህም አልበቃውም፤ በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይ የራሱን ስም በደራሲነት ጨመረ። እንዴ! ሟች በመቃብሩ ውስጥ ሳለ የሥራ ባልደረባ ሲቀጠርለት፣ ደግሞ ያ ባልደረባ የድርሻ ተካፋይ ሲሆን ምን ይባላል?

የማይክል ጃክሰን ነገር ከዚህም ይብሳል። በ2009 ሞተ፤ በ2010 «ማይክል» የተባለ አልበም ወጣ። ከውስጡ ሦስት ዘፈኖችን አድማጮች «ይኼ የሱ ድምፅ አይደለም» ብለው ተነሡባቸው፤ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዘፈኖቹ ከኢንተርኔት መሸጫዎች የተነሡት በ2022 ነው። 12 ዓመት ሙሉ ሰው «እሱ ነው፣ እሱ አይደለም» ሲባባል ኖረ ማለት ነው። ከሟች ላይ የሚሰረቀው ገንዘብ ብቻ አይደለም። አድማጭ በድምፁ ላይ የነበረው እምነትም አብሮ ይሰረቃል። ያች እምነት አንድ ጊዜ ከተሰረቀች ደግሞ እውነተኞቹ ዘፈኖች ሳይቀሩ ይጠረጠራሉ።

* * *

አሁን ወደ ተከራካሪዎቻችን እንምጣ። ከመካከላችን የነበሩ ናቸውና ቃላቸውን ሳናሳንስ እናቀርባለን።

አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ «ዘፋኝ መቼ ብቻውን ሠርቶ ያውቃል? በኛ አገር ግጥሙን ገጣሚ ይጽፋል፣ ዜማውን ዜማ ደራሲ ያወጣል፣ አቀናባሪው ያቀናብራል፣ ዘፋኙ ድምፁን ይሰጣል። እንግዲያው አቀናባሪው ከዘፋኙ ሞት በኋላ ቢያቀናብር ምን ልዩነት አለው? አዝማሪያችን ራሱ የሰው ስንኝ እየተቀበለ የሚኖር አይደለም ወይ?»

ይህ ጠንካራ ነገር ነው። አንዱን ሌሊት የፈጀው እሱ ነው። መልሱንም ያገኘነው ከአዝማሪው ዘንድ ነው። ጠጅ ቤት የተቀመጠ ሰው ስንኝ ያመጣና «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ይቀበላል። ግን እንዴት ይቀበላል? አንዳንዴ ቃሉን ያቃናለታል፤ አንዳንዴ ሰውየው ያላሰበውን ወርቅ ያወጣለታል፤ ካስፈለገም ስንኙን ገልብጦ በሰጪው ራስ ላይ ይመልሰውና ቤቱን በሳቅ ይሞላዋል። ካልጣመውም ገመዱን ይመታና ያልሰማ መስሎ ያልፋል። ተቀባይ ስለሆነ ባሪያ አይደለም። ደግሞም ስንኙን ማን እንደሰጠ ቤቱ በሙሉ ያያል፤ ሰጪው እዚያው ብርሌውን ይዞ ተቀምጧል። በስቱዲዮም ነገሩ ይኸው ነው። ዘፋኙ «ይኼን ድምፅ አውጣው»፣ «ይኼን መስመር አልለውም»፣ «እንደገና ልግባ» ይላል። ሥራው የጋራ የሚሆነው ከተካፋዮቹ እያንዳንዱ «አይሆንም» ማለት ሲችል ነው። አንዱ «አይሆንም» ማለት ካልቻለ ግን ሽርክናው ፈርሷል። ድምፁ ጥሬ ዕቃ ሆኗል ማለት ነው። የጓደኛችንን ስድስተኛ ቅጂ ልብ በሉ ያልናችሁ ለዚህ ነው። «አይሆንም» ብሎ ያቆመውን፣ ሰውየው «በጣም ደስ የሚለው ይኼኛው ነው» ብሎ ለመክፈቻ መርጦት ነበር! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ?

ሁለተኛው ወገን፦ «ቢኖር ኖሮ ይህን ይፈልግ ነበር» ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር እናውቃታለን፤ እኛም ያችኑ ብለን ነው ግጥሙን የሞላነው። ለመሆኑ ሟች ፈልጎ የማያውቀው ነገር አለ? አልበም ይፈልጋል፣ ትልቅ መድረክ ይፈልጋል፣ ከታዋቂ ሰው ጋር መዝፈን ይፈልጋል። የሚገርመው፣ ሙታን ሁልጊዜ የሚፈልጉት ሕያዋን የሚፈልጉትን ነው። «ሟች ቢኖር ኖሮ ይህን አልፈልግም ይል ነበርና ሥራውን ትተነዋል» ብሎ ከትርፉ የተመለሰ ሰው ካለ አሳዩንና እጅ እንንሣው።

ሦስተኛው ወገን የቤተሰብን ዳቦ ያነሣል። እዚህ ላይ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ፤ ቀልድ አይደለምና። በአገራችን ዘፋኝ ጡረታ የለውም። ሲሞት ልጆቹ የሚወርሱት አንድ ክራርና የአልበም ፖስተር ሊሆን ይችላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከሥራው የሚገኘው ጥቅም ሠሪው ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ እንዲቆይ ያደረገው በከንቱ አይደለም። ያው አዋጅ ግን ከገንዘቡ ለይቶ ሌላም መብት ያውቃል፦ በሥራ ላይ ስም የመጠራት፣ ሥራም እንዳይዛባ የመቃወም መብት። ሆኖም ሕግ ለወራሽ ፊርማ ይሰጠዋል እንጂ የሟቹን ጆሮ አይሰጠውም። እናቱ ይፈርሙ ይሆናል፤ መብታቸው ነው፣ ማንም ሊነጥቃቸው አይችልም። ግን የትኛው ምት ልጃቸውን ደስ እንደሚለው በፊርማ ሊያውቁት አይችሉም። ስለዚህ የዳቦው ክርክር ትክክል ነው፤ የሚያረጋግጠው ግን ቅጂው መሸጥ እንዳለበት ብቻ ነው። ተለውጦ፣ ተቀብቶ፣ ያልሆነውን መስሎ መሸጥ እንዳለበት አያረጋግጥም። እንዲያውም ወደ ገንዘብ ከተሄደ፣ በማቀናበሩ፣ በተጋባዥ ድምፃዊቷ፣ በክሊፑ ወጪ ተብሎ ከሚቆረጠው በኋላ ለእናት ስንት እንደሚተርፍ ሰውየውን ጠይቀን ነበር። ሳል ይዞት መልስ ሳይሰጠን ቀረ።

አራተኛው ወገን ከኛ በላይ አክራሪ ነው፦ «እንግዲያው ይቃጠል! ያልጨረሰውን ማንም አይስማበት» ይላል። ይህም በሌላው ዓለም ተሞክሯል። ኤሚ ዋይንሃውስ በ2011 ከሞተች በኋላ የእንግሊዙ የሙዚቃ ኩባንያዋ ኃላፊ፣ ማንም ሌላ ሰው እንዳይጨርሰው በማለት የተረፉትን የሙከራ ቅጂዎች ማጥፋቱን በ2015 ተናገረ። ሐሳቡን እናከብራለን፤ ሥራውን ግን አንደግፍም። አይጥ እንዳይገባ ብሎ ጎተራ ማቃጠል ነው። ጅምር ሥራ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፤ የሰው ሐሳብ ከየት ተነሥቶ የት እንደቆመ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ጄፍ በክሊ የተባለ አሜሪካዊ ዘፋኝ በ1997 ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ፤ በዓመቱ ቅጂዎቹ ሲወጡ በአልበሙ ስም ላይ «ንድፎች» የሚል ቃል ነበረበት። ንድፍ ነኝ ብሎ የወጣ ንድፍ ማንን ያታልላል? ማንንም።

* * *

«ይኼ ሁሉ የፈረንጅ ጭንቀት ነው፤ እኛ ዘንድ የሥራ ባለቤትነት የሚባል ነገር አልነበረም» የሚለንም አልጠፋም። እኛ የምንለው ግን ተቃራኒውን ነው። ይህንን ጉዳይ እንዴት እንደሚያዝ ከየትኛውም ኩባንያ በፊት የሚያውቅ አገር ቢኖር ይህ የቆምንበት አገር ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት ውጡ። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት። ተማሪው ስንቁን በአኮፋዳ ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ዓመታት ፈጅቶ ድጓ ይማራል። ቃልን ማሳሳት፣ ቁርጡን በርክርክ ቦታ ማግባት አይፈቀድለትም፤ ቢያሳስት መሪጌታው ከመንገዱ ይመልሰዋል። ድጓው የቅዱስ ያሬድ ነው ይላል። በፊደል የተሠራው የዜማ ምልክት ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያቆሙት እንደሆነም አብሮ ይናገራል። ነገሩን አስቡት፦ ከያሬድ እስከነሱ አንድ ሺህ ዓመት ያህል አለ። ሥራው ላይ ጨመሩበት፣ አበጁት፣ ለትውልድ እንዲተላለፍ አደረጉት፤ እኛም ሥራቸውን እናመሰግናለን። ግን ማንም ስማቸውን አልዋጠም፤ እነሱም በያሬድ ስም ውስጥ አልተደበቁም። የያሬድ የያሬድ፣ የጌራ የጌራ፣ የራጉኤል የራጉኤል ሆኖ ኖሯል። ማይክሮፎንና ኮምፒዩተር ሳይኖር፣ በብራናና በቃል ብቻ ይህን ለይቶ መያዝ ከተቻለ፣ ዛሬ እያንዳንዱን ድምፅ በየመስመሩ ለያይቶ በሚያስቀምጥ መሣሪያ እንዴት ያቅተናል?

ቅኔ ቤቱንም ተመልከቱ። ተማሪ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢዘርፍ የሚደርስበትን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ቅኔ ቤት የቆየ የአጎት ልጅ የሌለው ማነው?

ወይም ይህን ሁሉ ትታችሁ የከተማችንን ስም የያዘውን በዓል አስቡ። ነሐሴ 13 ልጆች ጅራፋቸውን አጩኸው ሲያበቁ በየደጃፉ ሲሄዱ፣ አንዱ አውራጅ ይሆናል፤ ሌሎቹ ተቀባይ ናቸው። አውራጁ ድምፁ ቢዘጋ ምን ይሆናል? ከመካከላቸው ሌላው ይወጣና በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ግጥም ያወርዳል። የዝም ያለውን ልጅ አፍ በእጁ ከፍቶ የሚያንቀሳቅስ ግን የለም! ይህ እንዴት አስቀያሚ ሥዕል ነው። ሆኖም ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ነው። ኮምፒዩተር የሰው ድምፅ ተምሮ፣ ሰውየው በሕይወቱ ያላለውን ቃል በሱው ድምፅ ሊያዘፍነው ይችላል። ትናንት ያላለቀ ቅጂ መጨረስ ነበር ጥያቄው፤ ነገ ቅጂ እንኳ የማያስፈልግበት ቀን ይመጣል። «ይኼማ ለቴክኖሎጂ እድገት ነው» የሚል ቢኖር፣ ማሽኑ ራሱ ክፉ አይደለም እንላለን። በ2023 ሁለቱ በሕይወት ያሉት ቢትልሶች የሟች ባልደረባቸውን የጆን ሌነንን ድምፅ ከአሮጌ ካሴት ላይ በዚሁ ዓይነት መሣሪያ አጥርተው አውጥተዋል። ያደረጉት ግን ሌነን ራሱ የዘፈነውን ከጩኸት መለየት ነው፤ ያላለውን ማስባል አይደለም። ይህንንም ለዓለም ተናግረው ነው የሠሩት። ጠርጎ ማሰማትና ፈጥሮ ማሰማት የሰማይና የምድር ልዩነት አለው።

* * *

እንግዲህ ምን ይደረግ? ተቃውሞ ብቻ ይዞ መውጣት ቀላል ነው። በሦስተኛው ሌሊት የተስማማንበትን እናስፍር፤ ያልተስማማ በሚቀጥለው ቅጽ ይመልስልን።

አንደኛ፣ ጥሬው ቅጂ ይኑር። ማንም ያልጨረሰውን የሟች ሥራ የሚጨርስ ሰው ሳይነካ በፊት የነበረውን ድምፅ አብሮ ያውጣ። ይህም ተሞክሯል፤ በ2014 ከወጣው የማይክል ጃክሰን አልበም ከፍ ባለ ዋጋ የተሸጠው እትም አዲሱን ቅንብርና ዘፋኙ የተወውን ቅጂ ጎን ለጎን ይዞ ነበር። ማውጣት ካልተቻለም ቢያንስ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወይም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ልባሱ ላይ ይጻፍ። «ድምፁ በዚህ ጊዜ ለሙከራ የተቀዳ ነው፤ ሦስተኛው አንጓ የእገሌ ነው፤ ቅንብሩን ዘፋኙ ሰምቶታል ወይም አልሰማውም።» ሦስት መስመር ነው። አሁን ምስክሮቹ ሳያልፉ ይጻፍ፤ የኢዮብን የመጀመሪያ ሥራ ያቀናበረው ኤልያስ መልካ ራሱ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ወር በሞት ተለይቶናል። የሚያውቁ ሰዎች አይቆዩንም።

ሦስተኛ፣ ሟቹ ራሱ የጣለው አይነሣ። «አይሆንም» ካለ አይሆንም ነው።

አራተኛ፣ በሟች አፍ ቃል አይግባ፤ በእጅም ሆነ በማሽን። ማዘን የሚፈልግ ገጣሚ በራሱ ስም ያዝን። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የሰው ዓይን መበደር አያስፈልግም።

አምስተኛ፣ ለቤተሰብ የሚገባው ድርሻ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቅረብ፤ ከወጪ በፊት ይሁን ከወጪ በኋላም በግልጽ ይነገር።

ስድስተኛው ለሕያዋን ነው። የምትጽፉ፣ የምትዘፍኑ፣ በስልካችሁ የምትቀዱ ጓደኞቻችን፦ «ብሞት ይኼ ይውጣ፣ ይኼ አይውጣ» ብላችሁ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሟርት አይደለም። አያቶቻችን ለአንድ ጥማድ በሬ ይናዘዙ ነበር፤ እናንተ ለድምፃችሁ ብትናዘዙ ምን ይገርማል?

* * *

የኛን ነገር ተናግረን እናብቃ። ባለፈው ቅዳሜ ሦስታችን ወደ ጉና ግርጌ ተመልሰን ወጣን። ስልኩንና ደብተሩን ይዘን ነበር። ባዶውን ገጽ ከፍተን ለእናቱ አሳየናቸው፤ ፊደል ባያነቡም ባዶ ወረቀት ማንም ያነበዋል። የኛ ስንኝ እንደሆነ ነገርናቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲያው አላወቀውም ነበር?» ብለው ጠየቁ። «አላወቀም፣ እማማ» አልናቸው። እፎይ ያሉ መሰለን፤ ወይም ሌላ ነገር ነው። እርግጠኛ አይደለንም፤ አሁን ደግሞ በሳቸውም አፍ ቃል አናስገባም። እኅቱ ግን ተቆጥታናለች። መብቷ ነው።

ቅጂዎቹን አንድ በአንድ አሰማናቸው። ዶሮው ሲጮኽ «የኛው አውራ ዶሮ ነው» አሉ። በሩ ሲንኳኳ «ያንኳኳሁት እኮ እኔ ነኝ» አሉና ሳቁ። ስቱዲዮው «ጫጫታ ነው» ብሎ መጀመሪያ የሚያጠፋው ይህን ነበር።

የከተማውን ሰው አሳብ አስረድተን፣ ሰውየው ያለውን ገንዘብ ሳንደብቅ ነገርናቸው። እሳቸው የወሰኑት ይህ ነው፦ አሥሩ ቅጂ እንዳለ፣ ምንም ሳይጨመርበት ይውጣ፤ የሚገኘው ለእኅቱ ትምህርት ይሁን። «አይሆንም» ያለበት ስድስተኛው ቅጂ ከሳቸው ጋር ይቀመጥ። ሰውየው በዚህ ከተስማማ ይምጣ፤ ካልተስማማ እኛው በየስልካችን እየተቀባበልን፣ ያቅማችንን እያዋጣን እናደርሰዋለን።

ግጥሙንም በዚህ ቅጽ የመጨረሻ ገጽ ላይ እንደገና አትመነዋል። ቀደም ሲል የገለበጣችሁ አስተካክሉ፤ በቃላችሁ የያዛችሁ ሁለቱን ስንኝ እርሱልን። ሦስተኛው አንጓ ከሁለት ስንኝ በኋላ ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የስቴንስል ስሕተት አይደለም፤ ቀለምም አልጨረስንም። እዚያ ጋ ነው ያቆመው።